ጧሪ ያለው ሰው

ጧሪ የሚለው ቃል የመጣው ጾረ ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው፤ ጾረ ማለትም ተሸከመ ማለት ነው። ጾም በአማርኛ ጦም እንደ ተባለ ጾረም ጦረ ተባለ። ነገር ግን ቃሉ ወደ አማርኛ ሲሻገር ሸክሙን ሁሉ ይዞ አልተሻገረም። እንጨት የተሸከመ ሰው ጧሪ አይባልም፤ ጨው የጫነ ግመልም ጧሪ አይባልም፤ ጧሪ የሚባለው ያረጀውን ሰው፣ ይልቁንም ወላጁን፣ የሚደግፍና የሚመግብ ነው። ከዚህም ቃል ጋር ቀባሪ የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ተያይዞ ይሄዳል። ሽማግሌ ሲመረቅ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣዎ ይባላል፤ ብቻውን ለሞተ ሰውም ሲታዘን ጧሪ ቀባሪ ሳይኖረው ቀረ እየተባለ ይለቀሳል።

ይህ ቃል ከምርቃትና ከልቅሶ ወጥቶ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወረቀት ላይ ማኅተም እየተመታበት የሚሄድበት አንዱ ምክንያት የጤና መድን ነው። በ2002 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 690 ደመወዝተኛውና ጡረተኛው ከሚያገኙት ገንዘብ ጥቂት እየተቀነሰ የሚታከሙበት ሥርዓት ታሰበ፤ በሥራ መዋሉ ግን ዓመት እየገፋ ሲጓተት ቆየ። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ልብስ ሰፊው፣ በጉሊት የምትቸረችረው ሴት ደመወዝ የሚባል ነገር ስለሌላቸው ሌላ መንገድ አስፈለጋቸው። እርሱም ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የተባለው ነው። ይህ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ፤ ከአማራ ክልል የተመረጡትም ፎገራና ደቡብ አቸፈር፣ ከወሎ ደግሞ ተሁለደሬ ነበሩ። ተሁለደሬ ከደሴ በስተ ሰሜን የሐይቅ ከተማ የሚገኝበት ወረዳ ነውና ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም። ዛሬ በአገሪቱ አብዛኞቹን ወረዳዎች አዳርሷል።

ነገሩ ለአገራችን ሰው ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም፤ ዕድርን የሚያውቅ ሰው መድንን ያውቃል። ዕድር ለሞት የሚዋጣ ነው፤ መድን ለሕመም የሚዋጣ ነው። የዕድሩን ገንዘብ ዓመት ሙሉ የከፈለ ሰው ሳይሞት በመቅረቱ ገንዘቤን መልሱልኝ አይልም፤ እንዲሁም መድን የገባ ሰው ሳይታመም ዓመቱ ቢያልፍ ሊያመሰግን ይገባዋል እንጂ ከሰርሁ ሊል አይገባውም። ልዩነታቸው ይህ ነው፦ ዕድር ሰውየውን ያውቀዋል፤ መድን ግን የሚያውቀው ወረቀቱን ብቻ ነው። በዕድር ያልተጻፈው ነገር ሁሉ በሰፈሩ ሰው ልብ ተጽፏል፤ በመድን ግን ያልተጻፈ ነገር የለም ማለት ነው።

አባል የሚሆነው አንድ ቤተ ሰብ ነው፤ ባል፣ ሚስትና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጆች። ከእነርሱ ጋር አያት ወይም ሌላ ዘመድ ቢኖር ስለ እርሱ ተጨማሪ መዋጮ ተከፍሎ በዚያው ቤተ ሰብ ስም ይጻፋል። መክፈል ለማይችል ድኻ ደግሞ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። ድኻውን የሚለየው ቀበሌው ነው፤ የሰፈር ሽማግሌ፣ ካህን፣ ሼክ ይጠየቃሉ፤ መሬት የለውም፣ ቤት የለውም፣ ገቢ የለውም፣ ጧሪ የለውም ብለው ይመሰክራሉ። የሚመደበው ገንዘብ ልክ ያለው ስለ ሆነ የሚጻፈውም ሰው ልክ አለው።

ያረጀ ወላጅ ያለው ሰው እንግዲህ የሚቆመው በእነዚህ በሮች ፊት ነው። ከውጭ ሲታዩ ሦስቱም ክፍት ይመስላሉ።

በደሴ የሚኖር አንድ ሰው በ2015 ዓ.ም. በነዚሁ በሮች ፊት ቆሞ ነበር። በልጅነቱ ከዳዊት እስከ ቅኔ ተምሯል፤ በኋላ ትዳርና ልጆች ሲያዙት በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥሮ፣ የሌላውን ሰው ጉዳይ እየጻፈ፣ ቁጥር እየሰጠ፣ እያስገባና እያወጣ ይኖራል። አባቱ በኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከሃምሳ ዓመት በላይ በአንዲት የሲንጀር መኪና ፊት ተቀምጠው የፋብሪካውን ሠራተኛ ቱታ፣ የተማሪውን ሱሪ፣ የካህኑን ቀሚስ፣ የሼኩን ጀለቢያ ሰፍተዋል። የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆኑ ጡረታ በኖራቸው ነበር፤ ለግል ድርጅት ሠራተኞችም በ2003 ዓ.ም. የጡረታ አዋጅ ወጥቷል። በገዛ መኪናቸው ላይ የሠሩት እኒህ ሰው ግን አለቃውም ሠራተኛውም እርሳቸው ስለ ነበሩ፣ ዓይናቸው በደከመ ቀን ሥራውም ደመወዙም ባንድ ላይ አለቁ። ሰባ ስምንት ዓመት ሲሆናቸው ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፈነው፤ የደም ግፊትም ተጨመረበት። ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ሲሳናቸው አንዱን ልጅ እየጠሩ ያስገቡ ነበር፤ በኋላ ግን ስፌቱ ራሱ አልታይ አላቸው።

ልጁ ከደመወዙ በየወሩ ጥቂት ይልካል። ይህ ጥቂት ለእህልና ለቤት ኪራይ ይበቃል፤ ለመድኃኒት ሲደርስ ግን ያልቃል። የደም ግፊት መድኃኒት ደግሞ እንደ ጉንፋን መድኃኒት አንድ ሳምንት ተውጦ የሚተው አይደለም፤ እስከ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ነው። ሽማግሌውም ገንዘቡ ሲያጥራቸው አንዱን ፍሬ ለሁለት እየገመሱ ወሩን ሁለት ወር ያደርጉት ነበር። ይህን ለልጃቸው አልነገሩትም። የነገረችው ጎረቤቲቱ ናት።

ስለዚህች ጎረቤት ጥቂት መናገር ይገባል። የሽማግሌው ሚስት ከሞቱ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቡናውን ይዛ የምትገባው እርሷ ናት፤ እርሷ እስላም ናት፣ እርሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ወሎ ነውና ይህን የሚቆጥረው የለም። ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን የትኛው መስኮት በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ማኅተም የያዘው ሰው በየትኛው ቀን ስብሰባ እንደሚሄድ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ ስንት እንደሚያስፈልግ፣ ጤና ጣቢያ ማለዳ ካልተደረሰ ካርድ እንደሚያልቅ ታውቃለች። ቅኔ የተማረው ልጅ ይህን አንዱንም አያውቅም ነበር። በራሱ መዝገብ ቤት ሌሎችን ነገ ተመለሱ የሚል ሰው፣ በሌላው መስኮት ፊት ሲቆም እንደ ማንኛውም ባላገር ሆነ። በአገራችን ስለ ማንበብና ስለ መጻፍ ብዙ ተነግሯል፤ ወረቀትን ከመስኮት ወደ መስኮት ማድረስ ግን ከዚህ የተለየ ሌላ ትምህርት ነው፤ እርሱንም ብዙውን ጊዜ የሚያውቁት ፊደል ያልቆጠሩት ናቸው፤ ደጅ ጥናቱ አስተምሯቸዋልና።

ልጁ በመጀመሪያ ያሰበው አባቱን ወደ ደሴ ማምጣት ነበር። በዚያ መዋጮ ከፍሎ ቢያጽፋቸው ነገሩ አለቀ። ነገር ግን በደሴ ለመጻፍ የደሴ ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል፤ የደሴ ነዋሪ ለመሆንም ከኮምቦልቻው ቀበሌ መሸኛ ወስዶ፣ የዚያን መታወቂያ መልሶ፣ አዲስ መታወቂያ ማውጣት ያስፈልጋል። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለሽማግሌ ግን ሌላ አገር ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ላይ በሜዳ ተዘርግታ ትሞቃለች፤ ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር 2500 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ጉሟ በቀትር እንኳ የማይገፈፍበት ቀን አለ። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም። «ደሴ ብርድ ነው» አሉ። ቀጥለውም «አርባ ዓመት ዕድር የከፈልሁ እዚህ ነው። እዚያ ወጥቼ ስሜን በማያውቀው ሰው ልቀበር?» አሉ። ልጁ ስለ ሕክምና ሲናገር አባት ስለ ቀብር መለሱ፤ ነገሩ ግን ለእርሳቸው አንድ ነበረ። ጧሪና ቀባሪ በአንድ ቃል የተያያዙት በከንቱ አይደለም፤ ልጁ ጧሪውን ወደ ደሴ ሊያመጣው ሲል ቀባሪው በኮምቦልቻ ቀረ።

በዚህ መካከል ጎረቤቲቱና የሰፈሩ ሽማግሌዎች በራሳቸው ፈቃድ ሌላውን በር አንኳኩ። ከድኾቹ መዝገብ እንዲገቡ የሚጠይቅ ማመልከቻ አጻፉ፤ አንድ ካህንና አንድ ሼክ ምስክርነታቸውን ፈረሙ። ማንም ገንዘብ አልጠየቀም፤ ማንም የተደበቀ ጥቅም አልነበረውም፤ የዓይኑን ብርሃን ላጣ ጎረቤት ስለ ማዘን የተደረገ ነው። ልጁ ቅዳሜ ዕለት ከደሴ ወርዶ፣ ሐረጎን አቋርጦ፣ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። የቀረው የእርሱ የአባቱ አሻራ ብቻ ነበር።

ሽማግሌው ዳዊት የደገሙ ሰው ናቸውና የማያውቁት ወረቀት ላይ አሻራ ማኖር አልወደዱም። ዓይናቸው ስለማያይም ልጃቸውን አንብብልኝ አሉት። ልጁም ማንበብ ጀመረ። ስማቸው፣ የቤት ቁጥራቸው፣ ዕድሜያቸው ልክ ነበር። ገቢ የሌላቸው መሆኑም ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ቃል ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው የሚል ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቃል ዘሎ ማለፍ ይቻል ነበር። የሚሰሙት ሰው አያዩም፤ ጎረቤቲቱ አታነብም፤ ወረቀቱ ደግሞ ለመልካም ነገር የተጻፈ ነው። ልጁ አልዘለለውም። አነበበው።

«ጧሪ የላቸውም ይላል?» አሉ ሽማግሌው።

«ይላል አባባ።»

«ታዲያ አንተ ማነህ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ አልነበረም። ጎረቤቲቱ ዝምታው ሲበዛባት «አባባ፣ የወረቀት ነገር ነው እኮ፤ እንዲህ ካልተባለ አያልፍም» አለች። ሽማግሌውም «ልጄ፣ አንቺ ስለኔ የለፋሽውን እግዜር ይክፈልሽ። እኔ ግን ስኖር የሰውን ልክ ሳልወስድ ሰፍቼ አላውቅም። ይህ ልብስ የተሰፋው ለሌላ ሰው ነው፤ ለባለ ልኩ ስጡት» አሉ።

ይህን ነገር ትዕቢት ነው የሚል ይኖራል። አይደለም። ድኻ መባልን የሚያፍር ሰው አለ፤ እርሱ ትዕቢት ሊባል ይችላል። ሽማግሌው ግን ገቢ የላቸውም የሚለውን ሰምተው ዝም ብለዋል፤ እውነት ነውና። ያቆማቸው ልጃቸውን ከሕያዋን መዝገብ የሚፍቀው ቃል ነው። የሕጉም ነገር ቢታይ ሽማግሌው ነገሩን አልሳቱም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራሉ የቤተ ሰብ ሕግ ልጅ የተቸገረ ወላጁን የመቀለብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋሉ። ልጅ ያለውን ሰው ጧሪ የለውም ብሎ መመስከር እንግዲህ አባትን ድኻ ከማድረግ ይልቅ ልጅን ከግዴታው ነፃ ማውጣት ነው። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ፈሪሳውያንን የገሠጻቸው ገንዘቡን ቁርባን ነው ያለ ልጅ ወላጆቹን ከመርዳት እንዲያመልጥ መንገድ ስለ ሰጡት ነው። በዚያ ዘመን ማምለጫው የመቅደስ ስም ነበር፤ በዚህ ዘመን ደግሞ ሳይታሰብ የቀበሌ ማኅተም ሊሆን ይችላል። የሚያሳዝነው፣ የሚፈርሙት ካህናትና ሽማግሌዎች ይህን የሚያደርጉት ስለ ርኅራኄ ብለው መሆኑ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ እርሱ ከቃሉ ይልቅ ይከብዳል። በዚያው ቀበሌ ከሐረጎ በኩል እንጨት እየተሸከመች የምትሸጥ አንዲት አሮጊት ነበረች፤ ልጅም ወንድምም የላትም፤ ጀርባዋ ጎብጧል። የመዝገቡ ቦታ የተቆጠረ ከሆነ፣ የልጅ አባት በገባበት ቦታ እርሷ ትቀራለች። ያች ሴት በሚቀጥለው ዓመት ከመዝገቡ ገብታለች። የገባችው ሽማግሌው በተዉት ቦታ እንደ ሆነ ግን ማንም ሊናገር አይችልም፤ መዝገብ እንዲህ ያለውን ነገር አይጽፍም።

ይህ ሁሉ ተብሎ ግን የወረቀቱ ጥፋት ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ጧሪ አለው ወይስ የለውም ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ ስለ ሦስተኛው ሰው ቦታ የለውም፤ ጧሪ ያለው፣ ነገር ግን የጧሪው ክንድ ያጠረ ሰው ማለት ነው። በከተሞቻችን ካሉት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። ልጃቸው ይወዳቸዋል፤ ይልክላቸዋል፤ የሚልከው ግን አይደርስም። በጋና እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የጤና መድን ሕግ ይህን ነገር በሌላ መንገድ ፈታው፤ ዕድሜው 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው መዋጮ እንዳይከፍል አደረገ። እዚያ ሽማግሌው የሚጠየቀው ስንት ዓመትህ ነው ተብሎ ነው እንጂ ማን አለህ ተብሎ አይደለም። ዕድሜን መናገር አያሳፍርም፤ ምስክርም ብዙ አይሻም። እንዲህ ያለው ሥርዓት ገንዘብ እንደሚጠይቅ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ለሽማግሌ የሚጠየቀውን ጥያቄ መምረጥ ራሱ የሕክምናው አንድ ክፍል መሆኑን የሚያስታውስ የለም።

እንግዲህ የቀረው በር ሽማግሌው ራሳቸው እንደ አንድ ቤተ ሰብ ራስ ሆነው መዋጮ የሚከፍሉበት ነው። ብቻውን የሚኖር ሰውም አባል ይሆናልና። ነገር ግን የምዝገባው ጊዜ አልፎ ነበር። ምዝገባና እድሳት በዓመት አንድ ጊዜ፣ ይልቁንም አዝመራ ተሰብስቦ በገበሬው እጅ ገንዘብ በሚገኝበት ወራት ይደረጋል፤ ለገበሬ የተመቸው ወር ግን በከተማ ለሚኖር ልብስ ሰፊ ምክንያቱ አይታየውም። ስለዚህ እስከሚቀጥለው ምዝገባ ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነ። በዚያም ወራት የመድኃኒቱ ዋጋ በሙሉ ከኪስ ወጣ። ልጁ ከመዝገብ ቤቱ ሥራ ሌላ ማታ ማታ የሌሎችን ማመልከቻ በገንዘብ እየጻፈ የጎደለውን ሞላ። ቀድሞ በፍርድ ቤት ደጃፍ የጽሕፈት መኪና ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም በኮምፒዩተር የሚጽፉ አሉ፤ ነገር ግን ቅኔ የተማረ ሰው የጻፈው ማመልከቻ አጭርና የማይመለስ ነው የሚል ወሬ በሰፈሩ ስለ ተሰማ ሥራ አላጣም። ክኒኑ መገመሱ ቀረ፤ ጎረቤቲቱ በየጠዋቱ ቡናውን ስታቀርብ መድኃኒቱን በመዳፏ ይዛ ካልዋጡ ስኒውን አታቀብላቸውም ነበር።

የምዝገባው ወራት በ2016 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ ለፎቶግራፍ የለበሱት ኮት ራሳቸው የሰፉት ነው። መዋጮውን ልጁ ሊከፍል ሲል አልፈቀዱም። ሥራ ፈት ሆና የተቀመጠችውን የሲንጀር መኪና ለአንድ ወጣት ልብስ ሰፊ አከራይተው፣ የኪራዩን ገንዘብ በመሐረብ ቋጥረው ጠብቀው ነበር። ከመስኮቱ ፊት ቆመው መሐረቡን ፈትተው ቆጠሩ፤ ዓይናቸው ስለማያይ ብሩን በጣታቸው እየዳሰሱ በመጠኑ ይለዩ ነበር። ጸሓፊዋ «አባባ፣ ልጅዎ ይቁጠርልዎ» ብትል «እርሱ ሌላ ሥራ አለው» አሏት። ሥራው ቅጹን መሙላት ነበር። በቅጹ ላይም ስለ ጧሪ የሚጠይቅ መስመር አልነበረም፤ የከፈለን ሰው ማንም ይህን አይጠይቀውም።

ከዚህ በኋላ ያለው በጎዳና የሚያልቅ ነው። መድን ያለው ሰው በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ሪፈር የሚባለው ወረቀት ይጻፍለታል። ያለዚህ ወረቀት በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው መድኑ እንደ ሚገባው አይሸፍንለትም። ብዙ ሰው በዚህ ይናደዳል። ይሁን እንጂ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ ሆስፒታል ቢጎርፍ ለታላቁ በሽታ የሚቆም ሐኪም አይገኝም። በጤና ጣቢያው የሽማግሌው የቀድሞ ካርድ አልተገኘም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ቀን ድረስ በያዘ ጊዜ በደሴና በቦሩ ሜዳ ያሉት ሆስፒታሎች እንኳ ተዘርፈው ነበርና በየቦታው የጠፋው መዝገብ ብዙ ነው። ስለዚህ የሃምሳ ዓመት ሕመማቸውን እንደ ገና ለአንዲት ወጣት ነርስ ከመጀመሪያው ተናገሩ። ነርሷም በትዕግሥት ጻፈች። ልጁ በአጠገባቸው ቆሞ የረሱትን ያስታውሳቸው ነበር፤ በየትኛው ዓመት ወባ እንደ ያዛቸው፣ የትኛው መድኃኒት እንደ ነሣቸው። የሽማግሌ ሕመም ግማሹ በሽማግሌው፣ ግማሹ በልጁ ዘንድ ተጽፎ ይቀመጣል።

ሪፈሩ የተጻፈው ወደ ቦሩ ሜዳ ነው። ቦሩ ሜዳ ሲባል የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የሚያስቡት በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት የተደረገውን የሃይማኖት ጉባኤ ነው፤ ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው ሆስፒታል ግን ቀድሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይታከሙበት የነበረ፣ ዛሬም ለቆዳና ለዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። የመንገዱ ጸጥታ ደኅና በሆነበት ቀን አባትና ልጅ በማለዳ ከኮምቦልቻ ተነሡ። ሐረጎን ሲወጡ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ደረቡ። ደሴ ሲገቡ «ይኸው ብርዱ» አሉ። ልጁ ሳቀ።

የአንደኛው ዓይን ሞራ በዚያ ሳምንት ተገፈፈ፤ የሁለተኛው ከወራት በኋላ። ቀዶ ሕክምናው በመድኑ ተሸፈነ። መነጽሩ ግን አልተሸፈነም፤ መነጽር መድኑ ከማይከፍልባቸው ነገሮች አንዱ ነውና፤ ሰው ሠራሽ ጥርስም እንዲሁ ነው። ይህን ቀድሞ የሚነግር ስለሌለ ብዙ ሰው ከሕክምናው በኋላ ይደነግጣል። እነርሱን ግን ጎረቤቲቱ አስቀድማ ነግራቸው ስለ ነበር ልጁ ገንዘቡን ይዞ ነበር፤ ሽማግሌውም በዚህኛው አልተከራከሩም። «መዋጮው የኔ ነው፤ መነጽሩ ያንተ ይሁን» አሉ። መነጽሩ የተገዛው በደሴ ፒያሳ ነው። በዚያች ሌሊት በልጃቸው ቤት አደሩ፤ የልጅ ልጆቻቸውንም አንድ በአንድ ወደ መብራቱ እያስጠጉ ፊታቸውን አዩ።

በማግሥቱ ወደ ኮምቦልቻ ከመመለሳቸው በፊት የመድኑን መታወቂያ ከኪሳቸው አውጥተው በመነጽሩ አነበቡት። አንድ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል ያልቀረውን ይህን ወረቀት ሲያነቡት የመጀመሪያቸው ነበር። ስማቸው ልክ ነው፤ የአባታቸው ስም ልክ ነው፤ የአያታቸው ስም ግን በንጉሡ ሠ ሊጻፍ ሲገባው በእሳቱ ሰ ተጽፏል። ወረቀቱን ለልጃቸው ሰጥተው «ይህን አንተ ነህ የሞላኸው?» አሉት። ቅጹን የሞላው እርሱ ነው፤ በቅጹ ላይ በንጉሡ ሠ ጽፎት ነበር፤ ከቅጹ ወደ መታወቂያው የገለበጠችው ጸሓፊዋ ናት። «እንኪያስ ይታረም» አሉ። ልጁ ጸሓፊዋን በስልክ ጠየቃት፤ የፊደል እርማት ከእድሳቱ ጋር አንድ ላይ ይደረጋል፣ ለዚያም ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና የቀድሞው መታወቂያ ይዘው ይምጡ ብላ መለሰችለት።